ትንሿ ካሜራ ስታስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዕቃዋ ነው

"ተበላሸች" ተብለው ከሚመጡልኝ የኪስ ካሜራዎች ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው። የታመመው ኋላ ላይ የተገዛላቸው ዕቃ ነው፦ ሚሞሪው፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ቦርሳው። ባትሪ መሙላቱን፣ አጥፍቶ ማብራቱን፣ ሚሞሪውን ነቅሎ መልሶ መክተቱን ሞክራችኋል ብዬ ነው የምነሣው።

ፎቶው ተነሥቷል፣ ግን አይከፈትም

ምልክቱ፦ መጀመሪያ ያነሣችኋቸው ሁሉ ደህና ናቸው። ከሆነ ቦታ በኋላ ያሉት ግን ስማቸው አለ፣ ፎቶው የለም። ወይም ላዩ ይታይና ታቹ ግራጫ ነው። አንዳንዴም ዛሬ ስታነሡ የትናንቱ ይበላሻል።

ምክንያቱ፦ ፎርጅድ ሚሞሪ። ውስጡ 8 ጊጋ ሆኖ ሳለ፣ የሚያስተዳድረው ቺፕ "128 ነኝ" እንዲል ተደርጓል። ካሜራዋ ትጠይቀዋለች፣ 128 ይላታል፣ ታምነዋለች። 8ቱ እስኪሞላ ሁሉ ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ የትም አይደርስም፣ ወይ ቀድሞ በተቀመጠው ላይ ይደረባል። የፎቶዎቹ ስም ዝርዝር የሚቀመጠው ከመጀመሪያው አካባቢ ስለሆነ ስሙ አይጠፋም። "አለ እኮ፣ ይኸው ይታያል" እያሉ የሚከራከሩኝም ለዚህ ነው።

ጥር ላይ አንድ ልጅ የእህቱን ሠርግ አንሥቶ መጣ። ጠዋት ቤት ውስጥ ያነሣው፣ ሙሽራዋ ስትለብስ፣ ሙሽራው ሲገባ በሩ ላይ የነበረው ግርግር፣ ሁሉም ጥርት ብሎ አለ። ሺህኛው ፎቶ አካባቢ ስንደርስ እናቱ ስታለቅስ ያነሣት መጣ፤ ከአፍንጫዋ በታች ግራጫ። ከእሷ በኋላ ምንም የለም። አዳራሹ የለም፣ ኬኩ የለም፣ ማግስቱ የለም። "ካሜራዋ ከድታኝ ነው" አለ። ሚሞሪውን ስፈትሸው ላዩ 128 ይላል፣ የሚይዘው 7 ጊጋ ከምናምን ነው። የጠፋ ፎቶ መመለሻ ፕሮግራም አስነሣልኝ ብሎ ለመነኝ። ፕሮግራሙ የሚመልሰው ተጽፎ የተሰረዘን ነው፤ እነዚህ ግን መጀመሪያውኑ አልተጻፉም። ይህን ለሰው ማስረዳት ከጥገናው ይከብዳል።

እኔስ አልተበላሁም? ተበልቻለሁ። ፌስታሉ የታሸገ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት የተለጠፈበት፣ ጽሑፉ አንድ ፊደል ያልተዛነፈ ነበር። ስለዚህ "ማሸጊያውን አይቼ አውቃለሁ" የሚለኝን አልሰማውም።

መፈተሻው፦ በዊንዶውስ ኤችቱ ቴስት ደብልዩ፣ በማክና በሊኑክስ ኤፍ ስሪ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ሚሞሪውን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። 64 ጊጋ ከሆነ ከሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። ውስጡ ፎቶ ካለ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ሙሉትና የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ከፍታችሁ እዩ። ይህን የምታደርጉት በገዛችሁበት ቀን ነው፣ ሻጩ ሳይረሳችሁ። ከሠርጉ በኋላ አይደለም!

መፍትሄው፦ የለውም። "ወደ ትክክለኛው መጠኑ እመልሰዋለሁ" የሚል አይጠፋም፤ ይመለሳልም። ግን ፎርጅድ ውስጥ የሚገባው ቺፕ ብዙ ጊዜ ውዳቂ ስለሆነ እኔ አላምነውም። በመቀስ ቁረጡትና ጣሉት፣ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ። ችግሩ መሀል ላይ ካጋጠማችሁ ማንሣት አቁሙ፣ ከጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ዝጉ፣ የሚነበበውን አውጡ። ካሜራዋ "ፎርማት ላድርግ?" ብላ ብትጠይቅ እሺ አትበሉ።

ሲገዛ፦ 128ቱን በ32ቱ ዋጋ የሚሰጣችሁ ሰው ስለወደዳችሁ አይደለም። ለኪስ ካሜራ 32 ጊጋ ይበቃል፤ ሁለት 32 ከአንድ 128 ይሻላል። ላዩ ላይ የፍጥነት ምልክት አለ፦ ለፎቶ "ሲ10" ካለው በቂ ነው፣ ፎርኬ ቪዲዮ ለሚቀርጽ "ቪ30" ይሁን።

ጤነኛ ሚሞሪ ሆኖ ካሜራዋ አላውቀውም ካለች

ከመሳቢያ የወጣች ያረጀች ካሜራ ናት። የመጀመሪያዎቹ ኤስዲ ብቻ የሚሉት እስከ 2 ጊጋ ነው የሚቀበሉት። "ኤስዲኤችሲ" የሚሉት እስከ 32። ከዚያ በላይ "ኤስዲኤክስሲ" ነው። አፏ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። "ተቆልፏል" ካለችና የሚሞሪው መቆለፊያ ላልታ የምትንሸራተት ከሆነ፣ ክፍተቱ ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፉበት።

ባትሪው ሳይቆይ ያልቃል፣ ወይም አልወጣም ይላል

የካኖን ኤንቢ-13ኤል ባትሪ ኦርጅናሉ የሚይዘው 1250 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። በዚያው መጠን "2500" ተብሎ የሚሸጥ አይቻለሁ። በዚያች ሳጥን ያን ያህል ከየት መጥቶ? ቁጥሩን ለመጻፍ ቀለም ብቻ ነው የሚፈጀው። ትርፍ ባትሪ ግዙ፣ ከሌንስና ከፊልተር በፊት ግዙ፤ ግን ኦርጅናል ወይም እውነተኛ ቁጥር የጻፈ ይሁን።

አልወጣም ካለ አብጧል። በጠፍጣፋ ቢላዋ ፈልቅቆ ያመጣልኝ ሰው ነበር፤ መጀመሪያ የሸተተኝ ጣፋጭ የሆነ የኬሚካል ሽታ ነው፣ ቀጥሎ ባትሪውን በረንዳ ላይ ወርውሬ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። በብረት አትፈልቅቁ። አትብሱት። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አታድርጉ። "ለትንሽ ቀን ብቻ" የሚባል ነገር የለም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ቻርጀር ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። "100-240" ካለ የሶኬት ማገናኛ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። መብራት ሲጠፋ ንቀሉ፣ ሲመለስ ትንሽ አቆዩት፤ በዚያች ደቂቃ የተቃጠለ ቻርጀር ካርቶን ሙሉ አለኝ።

ሌንሱ ግማሽ ወጥቶ ቀረ

ቦርሳው ነው። ጠባብ ሲሆን ማብሪያውን ይጫነዋል፣ ሌንሱ ልውጣ ሲል ጨርቁ ይይዘዋል፣ ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ትላጫለች። በእጅ አትጎትቱ፣ አትግፉ። ካሜራዋን ከአሸዋ፣ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ አትክተቱ። ቦርሳ ስትገዙ ካሜራዋን ይዛችሁ ሂዱ፤ ገብታ ጣት የሚያስገባ ቦታ ይትረፍ።

የቀሩት

ማታ ስታነሡ ሰማዩ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከታየ የመንገድ መብራት በርካሽ ፊልተር ላይ ሲንጸባረቅ ነው፤ ፍቱት።

ትራይፖዱ ላይ ብሎኑ አልጠብቅ ካለ አታስገድዱት። ሶኒ በመመሪያዎቹ ከ5.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ብሎን የሚለው በምክንያት ነው፤ የረዘመው ታቹን ይበሳል።

ኮምፒውተሩ ካሜራዋን ካላያት ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ነው። ሌላ ገመድ፣ ወይም ካርድ ሪደር።

የእጅ ማንጠልጠያዋ ክር ከሳሳ ዛሬውኑ ቀይሩት። ሌንሷ ተከፍቶ ሲሚንቶ ላይ የወደቀች ካሜራ ለእኔ አታምጡ፤ እንደ መለዋወጫ ካልሆነ አልቀበላትም።