ልብ ወለድን ከአኒሜሽን ፊልሙ ጋር ማነጻጸር፦ «የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ»ን ይዘን

መጽሐፍና ፊልም ሲነጻጸሩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው የጎደለውን በመቁጠር ነው። አንዷ እህት የለችም፣ ዌልስ የለም፣ መጨረሻው ተቀይሯል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ሁለት ገጽ ቢሞላም የሚያስረዳው ነገር የለም። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ የጎደለው ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ይሠራው የነበረውን ሥራ በፊልሙ ማን ተረከበው? ለልምምድ የዳያና ዊን ጆንስን ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1986) እና ሃያዎ ሚያዛኪ በስቱዲዮ ጂብሊ የሠራውን ፊልም (እ.ኤ.አ. 2004) እንያዝ። ታሪኩ ባጭሩ፦ ባርኔጣ ሠሪዋ ወጣት ሶፊ በጠንቋይ ድግምት አሮጊት ትሆናለች፤ ከዚያም በአስማተኛው ሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ ውስጥ መኖር ትጀምራለች።

መጽሐፉ ይቅደም። 21 ምዕራፍ ስለሆነ በቀን ሦስት ሦስት ብታነቡ በሳምንት ያልቃል። ፊልሙን ካስቀደማችሁ ሥዕሉ ቃሉን ይሸፍንባችኋል። ጆንስ የእሳቱን ጋኔን ካልሲፈርን ስትገልጽ ፊቱን ሰማያዊ፣ ፀጉሩን አረንጓዴ ነበልባል አድርጋ ነው፤ ፊልሙን ያየ ሰው ግን ይህን እያነበበም የሚታየው ብርቱካናማው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲከፍት ያው ድምፅ ይከተለው የለ? እንደዚያ ነው።

ፊልሙ 119 ደቂቃ ነው። ሁለት ጊዜ እዩት፦ መጀመሪያ ሳታቋርጡ፣ ቀጥሎ እያቆማችሁ፣ የትዕይንቱን ደቂቃና ሰከንድ እየጻፋችሁ። በየትኛው ቋንቋ ድምፅ እንዳያችሁትም በማስታወሻችሁ አናት ላይ ይስፈር። ታሪኩ ከእንግሊዝኛ ወደ ጃፓንኛ ሄዶ፣ ለእንግሊዝኛው ድምፅ ቅጂ ደግሞ እንደገና ተመልሷል። ስለዚህ በቅጂው የሰማችሁት ዓረፍተ ነገር የጆንስ አይደለም፤ የሚያዛኪም እንዳለ አይደለም። ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ይዞ «ፊልሙ እንዲህ ብሏል» ብሎ መከራከር። ክርክራችሁን በድርጊትና በሥዕል ላይ ብታቆሙት አስተማማኝ ይሆናል።

ከዚያ አራት ዓምድ አስምሩ፦ በመጽሐፉ (ምዕራፍ)፣ በፊልሙ (ደቂቃ)፣ ሥራው፣ ተረካቢው። ከስድስት ረድፍ አትለፉ፤ ሲበዛ ተመልሶ ቆጠራ ይሆናል።

በሁለቱም ውስጥ ያለ ትዕይንት ለመጀመሪያ ረድፍ ይመቻል። ሶፊ መታጠቢያ ቤቱን ስታጸዳ የሃውልን የፀጉር ማቅለሚያ ታዘባርቅበታለች፤ እሱም እየጮኸ በአረንጓዴ ዝልግልግ ይሸፈናል። በመጽሐፉ (ምዕራፍ 6) ሶፊና የሃውል ተማሪ ማይክል ጎንበስ ብለው ፀጉሩን ቢያዩት ከወትሮው አይለይም፤ ቢለይም ኖረ አልኖረ የማይባል ቅላት ነው። ሳቁ የሚመጣው በጩኸቱና እነሱ በሚያዩት መካከል ካለው ርቀት ነው። በፊልሙ ግን ፀጉሩ በግልጽ ብርቱካናማ ሆኖ ቆይቶ ይጠቁራል፤ «ኖረ አልኖረ» የሚባል ቅላት ስክሪን ላይ አይነበብምና። ቀጥሎ ሶፊ እሷ ቆንጆ ሆና እንደማታውቅ ተናግራ ወደ ዝናቡ ትወጣለች፣ ታለቅሳለች። ክስተቱ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ፦ በመጽሐፉ የሃውልን ከንቱነት ያሳያል፣ በፊልሙ የሶፊን ቁስል ይከፍታል።

የጠላት ረድፍ ይበልጥ ይከብዳል። በመጽሐፉ ጠላቷ የምድረ በዳዋ ጠንቋይ ናት፤ ከጀርባዋ ደግሞ የራሷ የእሳት ጋኔን፣ ሚስ አንጎሪያን አለች። በፊልሙ ጠንቋይዋ መሀል ላይ ኃይሏን ተነጥቃ የምትጦር አሮጊት ትሆናለች፤ የጠላትነቱን ሥራ ጦርነቱና ማዳም ሱሊማን ይረከባሉ። ስም እንዳያሳስታችሁ፦ የመጽሐፉ ሱሊማን የጠፋ ወንድ አስማተኛ ነው። የፊልሟ ሱሊማን የሃውል መምህርት ስለሆነች፣ ከእሱ ይልቅ በመጽሐፉ ሃውልን ያስተማረችውን የሚስስ ፔንትስተሞንን ሥራ ትሠራለች። በመጽሐፉ ጦርነት ከወሬ አያልፍም። ፊልሙ በተሠራበት ወቅት የኢራቅ ጦርነት ነበረ፤ ሚያዛኪም እ.ኤ.አ. በ2003 ለቀደመ ፊልሙ የተሰጠውን የኦስካር ሽልማት ለመቀበል ያልሄደው በዚያ ምክንያት እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። ይህን ጥቀሱት፣ ግን ጦርነቱ በትዕይንቶቹ ውስጥ የሚሠራውን ካሳያችሁ በኋላ ይሁን።

እኔ ከሁሉ የምወደው የሶፊ ዕድሜ ረድፍ ነው። በመጽሐፉ ድግምቱ እስኪፈታ ድረስ አሮጊት ናት፤ ኃይሏም ንግግሯ ነው፣ ለባርኔጣም ለምርኩዝም እያወራች ሕይወት ትዘራባቸዋለች። ፊልሙ ይህን ሥራ ለፊቷ ሰጥቶታል። ስትተኛ ወጣት ትሆናለች። በሱሊማን ፊት ስለ ሃውል በድፍረት ስትሟገት መጨማደዷ ይጠፋል፤ ሃውልን እንደምትወድ ሲነገራት ወዲያው ታረጃለች። በሁለተኛው እይታ ፊቷ በተለወጠ ቁጥር ፊልሙን አቁሙ፤ ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የተባለውን ጻፉ። ይህ ብቻውን ጽሑፋችሁን ሊሸከም ይችላል።

ተረካቢ የሌለው ረድፍም አለ። የግንቡ በር በቀለም ምልክቱ መሠረት ወደተለያየ ቦታ ይከፈታል፤ ጥቁሩ ምልክት በመጽሐፉ ወደ እኛ ዓለም፣ ወደ ዌልስ ያወጣል፤ እዚያ ታላቁ አስማተኛ በእህቱ የሚወቀስ ሃውል ጄንኪንስ ነው። በፊልሙ ጥቁሩ ወደ ጨለማውና ወደ ጦርነቱ ይወስዳል። የእህቱን ወቀሳ የተካ የለም፤ ስለዚህ የፊልሙ ሃውል ይበልጥ ያሳዝናል፣ ያነሰ ያስቃል። በዓምዱ ውስጥ «ማንም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ አትተዉት።

ስትጽፉ ከጠነከረው አንድ ረድፍ ጀምሩ፣ ግማሹን ቦታ ለእሱ ስጡ። ከማውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ምዕራፍና ደቂቃ መልሳችሁ አመሳክሩ፤ በትዝታ የተጻፈ ትዕይንት ሁልጊዜ የሁለቱ ቅልቅል ሆኖ ይገኛል።