ወረርሽኝ ሲነሳ መንግሥታት በድንበርና በመግለጫ የሚሠሯቸው ስህተቶች

አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ ተገኘ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ "ድንበሩ ለምን አይዘጋም?" የሚል ነው። ባለሥልጣናትን ክፉኛ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም የተዘጋ ድንበር በቴሌቪዥን ይታያል። የላቦራቶሪ ሥራ፣ የሆስፒታል አልጋ ማዘጋጀት፣ የነርሶች ሥልጠና ግን አይታይም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው፤ ለመታየት ተብሎ ከሚሠራ ሥራ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንበር መዝጋትን እንደ መድኃኒት ማቅረብ

የኢንፍሉዌንዛ ባሕርይ ለድንበር ጥበቃ አይመችም። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ1 እስከ 4 ቀን ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ 2 ቀን ገደማ ነው። ሰውየው ግን ገና ሳያመው፣ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን አስቀድሞ፣ ሌላውን ማስያዝ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ሳያመው ያልፋል። ስለዚህ ተጓዡ ደህና ሆኖ ይሳፈራል፣ ደህና ሆኖ ይወርዳል፣ ማሳል የሚጀምረው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ሌላም ችግር አለ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በላቦራቶሪ በሚረጋገጥበት ሰዓት ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታት ሲዘዋወር ቆይቷል። ያኔ ድንበር መዝጋት "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይሆናል። በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ጥብቅ የጉዞ ገደብ ወረርሽኙን በሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት ያዘገየው ይሆናል እንጂ በመጨረሻ የሚታመመውን ሰው ቁጥር እምብዛም አይቀንሰውም።

እርግጥ ነው፣ የተሳካበት ታሪክ አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። በ1918 ዓለምን ባዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉት የአሜሪካ ሳሞአ ደሴቶች አስተዳዳሪ ጆን ፖየር በሽታው ከመድረሱ በፊት ወደቡን ዘጉ። በደሴቶቹ በወረርሽኙ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። በኒውዚላንድ ሥር የነበረችው ጎረቤቷ ምዕራብ ሳሞአ ግን ከኒውዚላንዷ ኦክላንድ የመጣችውን "ታሉን" የተባለች መርከብ ኖቬምበር 7 ቀን በአፒያ ወደብ ተቀበለች። መርከቧ ውስጥ ሕመምተኞች ነበሩ። 8,500 ያህል ሰው አለቀ፤ ከአገሩ ሕዝብ አንድ አምስተኛው ማለት ነው። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ በ2002 ይቅርታ የጠየቁት ይህን ጨምሮ በቅኝ አገዛዙ ዘመን ለደረሰው በደል ነው።

ታዲያ ይህን ታሪክ ጠቅሶ "እኛም እንዝጋ" የሚል ሰው ሁለት ነገር ይዘላል። ቦታው መርከብ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስበት ደሴት ነበር። የተዘጋውም አንድም ሰው ሳይታመም ነው። በየቀኑ በመቶ የሚቆጠሩ በረራዎች የሚያስተናግድና ረጅም የየብስ ወሰን ያለው አገር ይህን አገኛለሁ ብሎ ማሰቡ ራስን ማታለል ነው። ገደብ ከተጣለም ሕዝቡ ሊነገረው የሚገባው ለጥቂት ሳምንታት ጊዜ መገዛቱና በዚያ ጊዜ ምን እንደሚሠራበት ነው፦ ስንት አልጋ ይዘጋጃል፣ መድኃኒቱ መቼ ይገባል፣ ምርመራው የት ይሰጣል። ይህ ሳይነገር የተገዛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ይባክናል።

ቀድሞ የተናገረውን አገር መቅጣት

በኤፕሪል 2009 አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ የታየባት ሜክሲኮ መረጃውንና ናሙናውን ለሌሎች አካፈለች። ያገኘችው ምላሽ ምን ነበር? አርጀንቲናና ኩባ በረራ አቋረጡ። ቻይና ምንም ምልክት የሌላቸውን የሜክሲኮ ዜጎች ሳይቀር ለይታ አስቀመጠች፤ ሜክሲኮም ዜጎቿን የሚመልስ አውሮፕላን ላከች። ይህ ሁሉ ሲሆን ቫይረሱ አሜሪካ፣ ካናዳና ስፔን ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ድንበር እንዲዘጋ አልመከረም ነበር።

እዚህ ላይ ስህተቱ ድርብ ነው። አንደኛ፣ ፓስፖርት ሰውየው የት እንደነበር አይናገርም። ዓመቱን ሙሉ ሌላ አገር የኖረ ሜክሲኳዊ ተይዞ፣ ትናንት ከሜክሲኮ የተመለሰ የሌላ አገር ዜጋ በሰላም ያልፋል። መጠየቅ ካለበት ዜግነቱ ሳይሆን የጉዞ ታሪኩ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ የሚነሳበት አገር የጤና ሚኒስትር ይህን አይቷል። ስልኩን አንስቶ ከማሳወቁ በፊት የቱሪስቱንና የንግዱን ኪሳራ ያሰላል።

ለዚህ ሲባል የወጣ ሕግ አለ። ከ2007 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አንድ አገር ተጓዥን ወይም ዕቃን ከ24 ሰዓት በላይ የሚያስቆም ተጨማሪ እርምጃ ሲወስድ፣ ምክንያቱን ከጤና ማስረጃ ጋር በ48 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያሳውቅ ያዛል። የሚጥሰውን ግን የሚቀጣ አካል የለም። ቢያንስ ለሕዝብ መግለጫ ሲዘጋጅ ያንኑ ምክንያት መጻፍ አይከብድም። ምክንያቱ በወረቀት ላይ ሲሰፍር የሚያሳፍር ከሆነ፣ እርምጃው ራሱ ደግሞ መታየት አለበት።

በሌሊት አውጆ በማግስቱ ማብራራት

ይህኛው ምሳሌ ከኢንፍሉዌንዛ ሳይሆን ከኮቪድ ነው፤ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ማርች 11 ቀን 2020 ምሽት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከአብዛኛው አውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚደረግ ጉዞ እንደሚታገድ በቴሌቪዥን ተናገሩ። እገዳው የአሜሪካ ዜጎችን እንደማይመለከት ከንግግሩ በግልጽ አልወጣም። ጭነትም የታገደ አስመስለው ተናግረው በኋላ ማስተካከያ ወጣ። ውጭ የነበሩ አሜሪካውያን ትኬት ፍለጋ ተራወጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቺካጎን በመሰሉ ትልልቅ ኤርፖርቶች ተመላሾች ለሰዓታት ተፋፍገው ወረፋ ያዙ። ሰው እንዳይቀራረብ የወጣ ትእዛዝ ሰውን አንድ አዳራሽ ውስጥ አጎረው ማለት ነው።

ተጓዥ የሚፈልገው መልስ የታወቀ ነው። እኔን ይመለከተኛል? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? አየር ላይ ያለ ሰውስ? ለይቶ ማቆያ ከገባሁ ስንት ቀን ነው፣ ወጪውን ማን ይከፍላል፣ ልጄ አብራኝ ትሆናለች? አየር መንገዶችና የኬላ ሠራተኞች ይህን ከሕዝቡ በፊት ማወቅ አለባቸው። ኬላ ላይ ያለው ሠራተኛ ትእዛዙን ከፌስቡክ ካነበበ ነገሩ ተበላሽቷል።

ለካሜራ ሲባል የሚሠራ ሥራ

በ2009 ብዙዎች በሽታውን "የአሳማ ጉንፋን" ይሉት ነበር። ግብፅ አንድም ሕመምተኛ ሳይገኝባት ወደ 300,000 የሚጠጉ አሳማዎቿ እንዲታረዱ ወሰነች። ቫይረሱ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነበር። ጉዳቱ የደረሰው ቆሻሻ እየሰበሰቡ በተረፈው ምግብ አሳማ ያረቡ በነበሩ የካይሮ ድሆች ላይ ነው። ከተማዋም ውሎ አድሮ በቆሻሻ ክምር ተቸገረች። ቫይረሱም ከመግባት አልቀረም።

የሙቀት መለኪያ ካሜራም ከዚሁ ወገን ነው። ገና ምልክት ያላሳየውን አያገኘውም። ፓራሲታሞል ውጦ የመጣውም ያልፈዋል። በሌላ በሽታ ያተኮሰውን ምስኪን ግን ይይዘዋል። መሣሪያውን መትከል ይቻላል፤ "ኤርፖርታችን አስተማማኝ ነው" ብሎ መግለጫ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

"ምንም ስጋት የለም"

የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1918። ኢንፍሉዌንዛው ከተማው ውስጥ ገብቷል። የጤና ኃላፊው ዊልመር ክሩሰን ግን ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ገንዘብ ማሰባሰቢያ የተጠራውን ሰልፍ አልሰረዙም። 200,000 ያህል ሰው ወጣ። በቀናት ውስጥ የከተማው ሆስፒታሎች ሞሉ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ከ12,000 በላይ ሰው ሞተ።

"አትደናገጡ" የሚባለው ሕዝቡ ትርምስ ይፈጥራል ተብሎ ነው። ሰው ይበልጥ የሚደናገጠው ግን ጎረቤቱ ሲሞት እያየ በሬዲዮ ሰላም ነው ሲባል ነው። "ይህን እናውቃለን፣ ይህን ገና አላወቅንም፣ ሐሙስ ተመልሰን እንነግራችኋለን" ማለት ማንንም አላሳበደም። ሐሙስ መመለስ ግን ግዴታ ነው።

አስፈሪ ቁጥር ጥሎ መሄድ

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ጥፋት ነው። በጁላይ 2009 የብሪታንያው ዋና የሕክምና ኃላፊ ሊያም ዶናልድሰን ለዝግጅት የሚሆን ግምት አቀረቡ፤ ዝቅተኛው 3,100 ሞት፣ ከፍተኛው 65,000። ጋዜጦች ዘንድ የቀረው 65,000 ብቻ ነው። በመጨረሻ በብሪታንያ በወረርሽኙ የሞቱት 457 ሆኑ። ለዝግጅት የተሠላ የመጨረሻ ክፉ ግምት እንደ ትንበያ ተሰማ፤ በኋላም "አጋነኑብን" የሚል ቅሬታ ተረፈ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር የመሆን ዕድሉ አነስተኛ መሆኑ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፤ ቀጥሎ የመጣ ማብራሪያን ማንም አያነብም።

ሁሉም አፍ ሲናገር

በኤፕሪል 2009 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ምክር እጅ መታጠብና ከታመሙ ቤት መዋል ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ደግሞ በጠዋት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀርበው፣ ቤተሰባቸው በአውሮፕላንም በከተማ ባቡርም እንዳይሄድ እንደሚመክሩ ተናገሩ። ቢሮአቸው በዚያው ቀን ለማስተባበል ተሯሯጠ። ስለ በሽታው የሚናገሩት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑና ቢቻል ፖለቲከኛው ለሐኪሙ ማይኩን ቢለቅለት ይሻላል።

መውጫውን አለመናገር

በ1976 በአሜሪካ ፎርት ዲክስ ጦር ሰፈር አንድ ወታደር በአዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ ሞተ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ሕዝቡ በሙሉ እንዲከተብ ወሰኑ። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ፤ ወረርሽኙ ግን ከሰፈሩ አልወጣም። በተከታቢዎች ላይ ጊላን ባሬ የተባለ የነርቭ ሕመም መታየት ሲጀምር ዘመቻው በዲሴምበር ተቋረጠ። ክትባቱን ማምረት ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ማምረትንና መስጠትን አንድ ውሳኔ አድርጎ ማሰር ነው። ምን ሲታይ እንጀምራለን፣ ምን ካልታየ እንተወዋለን የሚል ነገር አስቀድሞ አልተቆረጠም።

የድንበር ገደብም እንዲሁ ነው። ሲጣል ግርግር አለ፤ ሲነሳ ግን ኃላፊነቱን የሚወስድ አይገኝም፤ "ከነገ ወዲያ አንድ ሰው ቢሞትስ?" ይባላል። በዚህ ምክንያት ቫይረሱ አገር ውስጥ እንደ ልቡ ሲዛመት ኬላው አሁንም ሰው እየመለሰ ይቆያል። ገደቡ በሚታወጅበት ዕለት የሚገመገምበት ቀን፣ የሚገመግመው አካልና የሚነሳበት መስፈርት አብረው ይጻፉ። በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ ከዚያ በላይ አይታገስም።