የነፋስ ኃይል ማመንጫ እንዴት ይገነባል? ነፋሱን ከመለካት እስከ ኃይል ማስተላለፍ

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከውኃ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ ወራት፣ የግድቦቹ ውኃ እየቀነሰ በሚሄድበት ጊዜ በመሆኑ ሁለቱ ምንጮች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናሉ። በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድ፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. 120 ሜጋዋት የሚያመነጨው አሸጎዳ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት ተመርቀዋል፤ ከእነርሱም በኋላ የአይሻና የአሰላ ፕሮጀክቶች መጥተዋል። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ከሐሳብ ተነሥቶ መብራት እስከሚሰጥ ድረስ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ከዚህ በታች በቅደም ተከተላቸው ቀርበዋል። ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚታለፈውና ጉዳቱ ለ20 ዓመት የሚዘልቀው የመጀመሪያው ደረጃ ስለሆነ እርሱን በዝርዝር አየዋለሁ።

ነፋሱን መለካት

ፍለጋው የሚጀምረው ከነፋስ ካርታ ነው። ካርታው የትኛው ሸንተረር ተስፋ እንዳለው ይጠቁማል እንጂ ገንዘብ ለማፍሰስ በቂ ማስረጃ አይሆንም። በነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው። በሴኮንድ 6 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ወደ 7 ሜትር ከፍ ቢል፣ ፍጥነቱ የጨመረው በ17 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ኃይሉ ግን ከ216 (6×6×6) ወደ 343 (7×7×7)፣ ማለትም በ59 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በፍጥነት ግምት ላይ የተፈጠረች ትንሽ ስሕተት ከገቢው ላይ ብዙ ትቀንሳለች።

ግምቱን ወደ ማስረጃ ለመለወጥ ተርባይኑ፣ ማለትም በነፋስ እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማሽን፣ ከሚሽከረከርበት ቁመት የሚቀራረብ የመለኪያ ምሰሶ ይተከላል። በምሰሶው ላይ በተለያየ ከፍታ የፍጥነት መለኪያዎች፣ የአቅጣጫ ጠቋሚዎች፣ እንዲሁም የሙቀትና የአየር ግፊት መለኪያዎች ይገጠማሉ፤ የእያንዳንዱ 10 ደቂቃ አማካይም ይመዘገባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ምሰሶው ራሱ ነፋሱን የሚጋርድ መሆኑ ነው። መለኪያው ከምሰሶው ጋር ተጣብቆ ከተገጠመ የሚያነበው የተረበሸ ነፋስ ይሆናል። በመሆኑም መሣሪያዎቹ ረዘም ባለ የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ በዋናው ከፍታ ላይ ደግሞ ሁለት መለኪያዎች በተቃራኒ ጎን ይገጠሙና ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር ያልተጋረደው ንባብ ይወሰዳል። ልኬቱ ቢያንስ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ መካሄድ አለበት፤ ሁለት ዓመት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ባትሪ ስለደከመ ወይም የፀሐይ ሰሌዳ ስለተሰረቀ የጠፋ የሁለት ወር መረጃ በኋላ በምንም ስሌት በትክክል አይተካም፤ ለዚህም ከዚያው ቀበሌ የተቀጠረ ጥበቃ ከአጥር ይልቅ አስተማማኝ ነው።

የተገኘው መረጃ ከረጅም ዘመን የአየር ጠባይ መዛግብት ጋር ይነጻጸራል፤ የተለካው ዓመት ከወትሮው የበረታ ወይም የደከመ ሊሆን ይችላልና። በደጋው ላይ ደግሞ የአየሩ መሳሳት መታሰብ ይኖርበታል። በየነፋስ ፍጥነቱ የሚገኘውን ኃይል የሚያሳየው የተርባይን አምራቾች የኃይል ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪሎ ግራም ለሚመዝን የባሕር ጠለል አየር ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ግን አየሩ ከዚህ 20 በመቶ ገደማ ሊቀል ስለሚችል፣ በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት የሚገኘው ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል። አበዳሪ ባንኮች በአማካይ ግምት ላይ ብቻ አይመሠረቱም፤ ምርቱ ከዚያ በታች የመውረድ ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ የሆነውን ዝቅተኛ ግምት ጭምር አይተው ይወስናሉ።

መሬት፣ ነዋሪና አካባቢ

ተርባይኖች በሰፊ ቦታ ላይ ቢበተኑም በቋሚነት የሚይዙት መሬት የመሠረታቸውን፣ የክሬን መቆሚያውንና የመንገዱን ያህል ብቻ ነው፤ በመካከላቸው እርሻና ግጦሽ ሊቀጥል ይችላል። ይሁን እንጂ ለአንድ ቤተሰብ የተወሰደበት ትንሽ መሬት ትንሽ ላይሆን ይችላል። ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስም የሰፈረበት የይዞታ ደብተር፣ የወል የግጦሽ መሬት፣ እንዲሁም ለክሬንና ለዕቃ ማራገፊያ በጊዜያዊነት የሚያዘው ማሳ ሁሉ መቆጠር አለበት፤ ካሳውም መሬቱ ከመነካቱ በፊት መከፈል ይኖርበታል። ቁፋሮው ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ እንዲጀመር ማድረግም ካሳውን ይቀንሳል፤ የገበሬውንም ልፋት ያከብራል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ይካሄዳል። የስምጥ ሸለቆ የትላልቅ ተጓዥ አእዋፍ መተላለፊያ በመሆኑ የወፍ ቆጠራው በፍልሰት ወራት መደረግ አለበት። ቀላል የሚመስል ነገር ግን ውጤታማ የሆነ ጥንቃቄም አለ፤ በተርባይኖቹ አካባቢ የሞተ ከብት ወዲያው እንዲነሣ ማድረግ። የከብት ሬሳ ጥንብ አንሣዎችን ወደሚሽከረከሩት ክንፎች ይስባል።

ገዢና ውል

አዳማና አሸጎዳ የተገነቡት በመንግሥት ባለቤትነት፣ በውጭ ብድርና በውጭ ሥራ ተቋራጮች ነው። የግል አልሚ ግን ከመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ማዕቀፍ ጋር ይተዋወቃል፤ ኃይሉንም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለመሸጥ የኃይል ግዢ ስምምነት ይፈራረማል። ውሉ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋን ብቻ መወሰን የለበትም፤ የማስተላለፊያ መስመሩ ኃይሉን መቀበል ባይችል ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም፣ በብር የሚገኘው ገቢም ዕዳው ወደሚከፈልበት የውጭ ምንዛሪ በምን መንገድ እንደሚለወጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። በእኔ እይታ ድርድሩ ላይ ረጅም ጊዜ መወሰድ ያለበት በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ነው። በዚሁ ጊዜ የቅርቡ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ምን ያህል ተጨማሪ ጭነት እንደሚችል ይጠናል።

የተርባይን ምርጫ

አዳማ ሁለት ላይ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት የሚያመነጩ 102 ተርባይኖች ተተክለዋል፤ 100 ሜጋዋት ለሚያመነጨው የአሰላ ፕሮጀክት የተመረጡት ግን 29 ብቻ ናቸው። ትልልቅ ማሽን መምረጥ መሠረቱን፣ መንገዱንና ጥገናውን ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም ክንፍና ከባድ ክሬን ወደ ተራራ ማድረስን ይጠይቃል። ተርባይኖቹ አንዱ የሌላውን ነፋስ እንዳይሻሙ በዋናው የነፋስ አቅጣጫ ከክንፋቸው የሽክርክሪት ስፋት ቢያንስ አምስት እጥፍ ያህል ይራራቃሉ።

ግንባታው

ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ በሎቤድ ይጫናል። ክንፎቹ ከመርከብ ከመውረዳቸው በፊት መንገዱ በሙሉ መፈተሽ አለበት፤ እያንዳንዱ ኩርባ፣ ድልድይና ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይለካል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ኩርባው ይሰፋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተርባይን የአፈር ምርመራ ተደርጎ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ፌሮው ይታሰራል፣ የማማው ማሰሪያ ቡሎኖች ቀለበት በውኃ ልክ ተስተካክሎ ይቀመጣል። የኮንክሪት ሙሌቱ አንዴ ከተጀመረ ሌሊትም ቢሆን ሳይቋረጥ መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ በመሃል ከቆመ ሁለቱ ንብርብሮች በደንብ አይያያዙም፣ ማማው ለዓመታት በሚወዛወዝበት ጊዜም መሰንጠቂያው እዚያው ይሆናል። ማማውን ለማቆም ኮንክሪቱ የሚፈለገውን ጥንካሬ ማግኘቱ በናሙና ይረጋገጣል። የማማው ክፍሎች፣ የማመንጫው ክፍልና ክንፎቹ የሚነሡት ነፋሱ በሚረጋባቸው ሰዓታት፣ ብዙ ጊዜም ማለዳ ነው።

ኬብሎቹ ተዘርግተው ትራንስፎርመሩ ከተፈተሸ በኋላ ማሽኖቹ ተራ በተራ ከመስመሩ ጋር ይገናኛሉ። የማማው ቡሎኖች ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ፤ የመብረቅ መከላከያውም በደጋችን የነጎድጓድ ወራት ከመግባታቸው በፊት ይመረመራል። አምራቹ በዋስትናው ዘመን ማሽኖቹን በሚጠግንበት ወቅት የአገር ውስጥ ቴክኒሻኖች አብረውት እንዲወጡ፣ መለዋወጫም በመጋዘን እንዲኖር በውል ማስገደድ ይገባል። የተርባይን ዕድሜ 20 ወይም 25 ዓመት ሆኖ የሚታሰብ ሲሆን፣ ከፋይበር መስታወትና ከሬዚን የተሠሩት ክንፎች እንደ ብረት ቀልጠው ዳግም የሚሠሩ አይደሉም፤ ስለዚህ ማሽኖቹን ማን እንደሚያነሣ፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ውል ላይ ይጻፍ።