ድራሙንና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን በአንድ ክፍል መቅዳት

ፈንክ የሚጫወት ባንድ ስትቀዱ ሁሉንም አንድ ክፍል አስገቧቸው። ድራመሩና ትራምፔት ነፊው ካልተያዩ ግሩቩ፣ ማለትም የምቱ አብሮ መፍሰስ፣ ይላላል፤ በዚህ አልደራደርም።

መጀመሪያ ድራሙ ይቃኝ። ለእኔ አራት ማይክ ይበቃኛል፦ አንዱ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ውስጥ፣ አንድ ሹር ኤስኤም 57 ስኔሩ (ጥርት ብሎ የሚጮኸው ጠፍጣፋ ከበሮ) ጠርዝ ላይ፣ ሁለቱ ከላይ። የላይኞቹ ከስኔሩ መሃል እኩል ይራቁ። በዓይን አትገምቱ፣ በገመድ ለኩ፤ አለዚያ ድምፆቹ ይጠፋፉና ስኔሩ ይሳሳል።

ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሳክስፎን ላይ ነው፤ ማይኩን አፉ (ሰፊው የድምፅ መውጫ) ውስጥ ይደቅነዋል። ድምፁ ግን ከቁልፎቹ ቀዳዳዎችም ይወጣል። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ያህል አርቃችሁ በአፉና በቁልፎቹ መካከል አነጣጥሩ። የትራምፔቱን ማይክ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት፣ ፊት ለፊት ጆሮ ይወጋል። ትሮምቦን አያስቸግርም፤ ለመዘርጊያው ቦታ ተዉለት።

ሪበን ማይክ (ድምፅን በስስ የብረት ጥብጣብ የሚቀበል) ካላችሁ ጎኑን ለድራሙ ስጡት፤ በጎኑ እምብዛም አይሰማም። የሲምባል (የድራሙ የብረት ሳህን) ድምፅ ትንሽ ቢገባ ግን አትደንግጡ። በ1969 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአዲስ አበባው ሙዚቃ አሳታሚ አምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ስሙ፤ ሙቀታቸው እኮ ከዚህ መቀላቀል ነው።

የድምፁን መጠን የምትለኩት ዘፈኑ በጣም በሚጮኽበት ቦታ ይሁን፤ በመቅጃው መለኪያ ከ-10 ዲቢ (ዴሲቤል) አያልፍ። ምክንያቱም ቀዩ የመቅጃ መብራት ሲበራ ነፊዎች ከልምምዱ አብልጠው ይነፋሉ።