ከኮሰረት ስም ጀርባ ያሉትን ሰዎች እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የአንድ ተክል ሳይንሳዊ ስም ሲጽፉ ሁለቱን ቃል ይጽፉና ያቆማሉ። ከኋላ የምትመጣውን፣ ነጥብ ነጥብ ያላትን አጭር ነገር ይዘሏታል። እኔ ግን ከስሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሷን ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው፣ ማን እንዳሳተመው የምትነግረን እሷ ናት። ዛሬ እንዴት እንደምትነበብ ላሳያችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በኮሰረት እንጀምር፤ ቅቤ ስናነጥር በምንጨምረው። ሙሉ ስሙ ሊፒያ አዶኤንሲስ ሆክስት. ኤክስ ዋልፕ. (Lippia adoensis Hochst. ex Walp.) ነው። ሊፒያ ጂነሱ ነው፤ የቅርብ ዘመድ ተክሎች የሚሰባሰቡበት ምድብ ማለት ነው። አዶኤንሲስ የአድዋ ማለት ነው። ሆክስት. ሆክስቴተር የሚባል ጀርመናዊ ቄስና መምህር ነው፤ ዋልፕ. ደግሞ ዋልፐርስ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ።

ቁልፉ ያለው መሀል ላይ፣ “ኤክስ” የምትለዋ ላይ ነው። ከእሷ በፊት ያለው ሰው ስሙን ያወጣ ነው። ከእሷ በኋላ ያለው ደግሞ የተክሉን መግለጫ ይዞ ስሙን በደንቡ መሠረት ያሳተመ ነው። ሁለቱንም ለመጻፍ ቦታ ከጠበባችሁ የምታወጡት የፊተኛውን ነው። በእጽዋት ስም ሕግ የሚቆጠረው ሕትመቱ ነውና። እኔ ግን ባይወጣ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

ሆክስቴተር ኢትዮጵያን አላየም። ተክሉን የለቀመው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር በ1837 መጣ፣ አድዋ ተቀመጠ፣ በደጃዝማች ውቤ ጊዜ የእንትጮ ገዢ እስከመሆን ደረሰ፣ በ1878 እዚያው አድዋ አረፈ። የደረቁትን ተክሎች ደቡብ ጀርመን ወደምትገኘው ኤስሊንገን ይልክ ነበር። እዚያ ሆክስቴተርና ሐኪሙ ሽቶይደል ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል። አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ በገንዘቡ ለቃሚ ይላካል፣ አባላቱም በፋንታው የደረቀ ተክል ይደርሳቸዋል። ሆክስቴተር የመጣውን ይለያል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ስም ያወጣል፣ ስሙንም በካርድ አሳትሞ ከተክሉ ጋር ያያይዛል። አንድ ቁጥር ያለው ተክል ተከፋፍሎ ወደ ብዙ ከተማ ይሄዳል።

ካርድ ላይ የታተመ ስም ግን መግለጫ ከሌለው ብቻውን አይበቃም። የብዙዎቹን መግለጫ የጻፉት ተክሉ የደረሳቸው ሌሎች ናቸው። ጽድን ቪየና ያለው ኤንድሊኸር አሳተመው፤ ብሳናን ፈረንሳዊው ደሊል፤ ግራርን እንግሊዛዊው ቤንታም። የሦስቱም ስም ላይ “ሆክስት. ኤክስ” አለ። ስሙን የራሳቸው ማድረግ እየቻሉ ለሆክስቴተር ተዉለት። የፊተኛውን አታውጡ የምለው ለዚህ ነው።

ቅንፍ ካያችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተክሉ ጂነስ ቀይሯል ማለት ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ሰው ነው፣ ከቅንፍ ውጭ ያለው ያዛወረው። ኮሽም ዶቪያሊስ አቢሲኒካ (አ. ሪች.) ዋርብ. ይባላል። አ. ሪች. የፓሪሱ አሺል ሪሻር ነው፤ በሁለት ቅጽ ከ1847 እስከ 1851 የሀገራችንን እጽዋት ያሳተመው። ከሺምፐር ተክሎች ሌላ በእጁ የነበረው የሁለት ወጣት ፈረንሳውያን፣ የካርተን ዲሎንና የፕቲ ስብስብ ነው። ዲሎን መረብ ሸለቆ ውስጥ በወባ መሰል ትኩሳት ሞተ። ፕቲን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ሥራቸውን ለሕትመት ያበቃው ሪሻር ነው።

አሁን ተክሉን ራሱን እንፈልግ። በላቲን ፊደል ስሙን ጽፋችሁ ለንደን ያለው የኪው እጽዋት ስፍራ ድረ ገጽ ላይ ወይም የፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ላይ አስገቡ። ከስሙ ጎን የሺምፐርን ስም (Schimper) ጨምሩበት። የተለጠፈው ተክል ፎቶ ይመጣል። አጉሉትና ታች ያለውን ካርድ አንብቡ።

ካርዱ አናት ላይ ብዙ ጊዜ “ሺምፔሪ ኢተር አቢሲኒኩም” ይላል፤ የሺምፐር የአቢሲኒያ ጉዞ። ከዚያ ክፍሉ፣ ቁጥሩና ሆክስቴተር ያወጣው ስም ይከተላል። ቀጥሎ ቦታው በላቲን አለ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ የቦታ ስሞቹ የተጻፉት በጀርመንኛ አሰማም ነው፣ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። “ሞንቴ ሾሎዳ” የሚለውን ስታዩ ከአድዋ በላይ ያለው ሶሎዳ ተራራ ነው። ታች “ኡ. ኢ. 1840” ቢል፣ ኡ. ኢ. ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ ነው፤ ዓመቱም ማኅበሩ ያከፋፈለበት ነው። የተለቀመበት ቀን ሌላ ነው፣ ከቦታው አጠገብ ፈልጉት። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ቁጥሩን መዝግቡ። በዚያው ቁጥር ሌላ ከተማ ያለውን ተክል ታገኙበታላችሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1943 የበርሊን የእጽዋት ስብስብ በቦምብ ተቃጥሎ ብዙው ወድሟል። የሺምፐር ተክሎች ዛሬም በእጃችን ያሉት አስቀድመው ስለተከፋፈሉ ነው።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። እኔ ባየኋቸው ካርዶች ላይ የሀገሬው ሰው ስም የለም። ተራራውን የሚያውቀው፣ የትኛው ቅጠል ለምን እንደሚሆን የሚናገረው እሱ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቼን የዛሬዎቹንም ስሞች አስነብባቸዋለሁ። የጓሯችን ኮሰረት ከዱር ዘመዱ ተለይቶ ቫራይቲ (በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ንዑስ ምድብ) ኮሰረት ተብሏል፤ መጨረሻው ላይ ያለው ስም ሰብስቤ ነው፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው። እንዲህ ያለው ሥራ ማዕከሉ አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ኸርባሪየም፣ የደረቁ ተክሎች ማከማቻ፣ ነው፤ በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ የሀገሮቹን እጽዋት የሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ በ2009 የተጠናቀቀውም በእሱና በውጭ ባልደረቦቹ ትብብር ነው።

ለመለማመጃ ቀበሪቾን ውሰዱ። ኤኪኖፕስ ከበሪቾ መስፍን። ቅንፍ የለም፣ ኤክስ የለም። ስሙን ያወጣውም ያሳተመውም አንድ ሰው ነው፣ መስፍን ታደሰ።