ጀማሪ የኦርኬስትራ መሪን በዩኒቨርሲቲ እንዴት እናሠለጥን?

ቫዮሊን የሚማር ልጅ ቫዮሊኑን ይዞ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ቢሳሳት የሚሰማው ራሱ ብቻ ነው። የመሪነት ተማሪ ግን መሣሪያው ሰው ነው። አርባ ሰው በየቀኑ ተሰብስቦ አይጠብቀውም፤ ሲሳሳትም ሁሉም ፊት ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ከምንም በፊት የሚጨነቀው ልጁ ሰው ፊት የሚቆምበትን ደቂቃ ለማብዛት ነው። ከዚያ ደግሞ የራሱን አፍ ለመያዝ። ሁለተኛው ይከብዳል።

መጀመሪያ ጆሮውን ፈትኑ

ቁመናና የእጅ ውበት አይሸውዳችሁ። እጅ ይሠለጥናል። ፒያኖ ላይ አስቀምጡትና አራት ድምፅ ያለው አጭር የኳየር ሥራ ስጡት። ሦስቱን እየተጫወተ አራተኛውን፣ ለምሳሌ አልቶውን (ከላይ ሁለተኛውን ድምፅ)፣ ይዝፈን። ቀጥሎ እናንተ ተጫወቱና መሃል ላይ አንድ ኖታ ሆን ብላችሁ አበላሹ። የቱ ድምፅ እንደተበላሸ ከነገራችሁ ጥሩ መነሻ አለው። "የሆነ ነገር ልክ አይደለም" ብሎ ከቆመም አትጣሉት፤ የጆሮ ልምምዱን ጨምሩለት።

ከስኮሩ ጋር ይክረም

ስኮር የሁሉም መሣሪያ ኖታ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ የተጻፈበት የመሪው ደብተር ነው። ጀማሪ ሁሉ የተቀረጸ ሙዚቃ ከፍቶ አብሮ እጁን ማወዛወዝ ይወዳል። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እጠላለሁ፤ የተቀረጸው ሙዚቃ እሱን እየመራው ነው እንጂ እሱ ማንንም አይመራም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ሥራው በስንት ትልልቅ ክፍል እንደተከፈለ ይለይ። ከዚያ ሐረጎቹ የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ። ከዚያ በየቦታው ዋናውን ዜማ የያዘው ማን እንደሆነ። በጽሑፍና በድምፅ የሚለያዩ መሣሪያዎችንም ይልመድ፦ ለቢ ፍላት ክላርኔት ሲ ተብሎ የተጻፈው የሚሰማው ቢ ፍላት ሆኖ ነው፤ ለኤፍ ሆርን የተጻፈው ሲ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ኤፍ ይሆናል። ማለፊያ ፈተናው ቀላል ነው፤ ስኮሩን ዘግቶ ከዳር እስከ ዳር ይዝፈነው።

እጅ

ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ምት አመታት ቶሎ ይለመዳል። እዚያ ላይ ብዙ አትቆዩ። ጊዜ የሚበላው የመዘጋጃ ምቱ ነው፦ ሙዚቃው ሳይጀምር እጅ ወደ ላይ የሚነሳባት ቅጽበት። ፍጥነቱም፣ ጉልበቱም፣ ባሕርይውም እዚያች ላይ ተነግሮ ማለቅ አለበት።

አራት ጓደኞቹን ፊቱ አስቀምጡ። አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ብቻ ይጫወቱ። ልጁ በልቡ አንዴ ለስላሳ፣ አንዴ ኃይለኛ፣ አንዴ ቁርጥ ያለ ድምፅ ይምረጥና በእጁ ብቻ ይንገራቸው። መቁጠር የለም፣ መናገር የለም። ካልገባቸው ጥፋቱ የእጁ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩን የምታገኙት ደረቱ ላይ ነው። ፈርቶ ትንፋሹን ይይዛል፤ እጁ ተነስቶ አየር ላይ ይደርቃል፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ይገባል። "አብረሃቸው ተንፍስ" በሉት። ወዲያው ለውጡ ይሰማችኋል።

ይህ ሲገባው የቤትሆቨንን 5ኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ስጡት። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1808 ጀምሮ መሪዎችን ላብ በላብ ሲያደርግ የኖረ ነው። መለኪያው ሁለት አራተኛ ነው፣ ማለትም በአንድ ባር (የሙዚቃው ትንሽ ክፍልፋይ) ውስጥ ሁለት ምት አለ፤ እጅ የሚወርደውም ዝምታ ላይ። ሦስቱ አጫጭር ኖታዎች የሚመጡት ከዚያች ትንሽ ዕረፍት በኋላ ነው፤ ከዚያ ረጅሙ ኖታ በፌርማታ (መሪው እስኪለቀው አቆይ በሚል ምልክት) ይያዛል። እጁ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ ካለ ኦርኬስትራው ይበተናል።

ግራ እጅ የቀኙ መስታወት አይሁን። ቀኙ አራት እየመታ፣ ግራው በስምንት ምት ቀስ ብሎ ከወገብ እስከ ትከሻ ይነሳ። መጀመሪያ ያስቃል። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይሥራው።

ሰው ፈልጉለት

ሙሉ ኦርኬስትራ የለም ብላችሁ አትቀመጡ። ሁለት ፒያኖ ወይም አንድ ኳርቴት (የአራት ተጫዋች ቡድን) ለጊዜው ይበቃል። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጫወቱ፤ ዛሬ የመራ ነገ ሁለተኛ ቫዮሊን ላይ ይቀመጥ። ግራ የሚያጋባ እጅ ምን ያህል እንደሚያናድድ የሚታወቀው ከዚያ ወንበር ነው። ፊንላንድ ውስጥ የኦርኬስትራ መሪው ዮርማ ፓኑላ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በሲቤሊየስ አካዳሚ ሲያስተምር ተማሪዎቹን ቶሎ ተጫዋች ፊት ያቆምና በቪዲዮ ይቀርጻቸው ነበር። ታዋቂዎቹ መሪዎች ኤሳ-ፔካ ሳሎነንና ሳካሪ ኦራሞ የዚያ ክፍል ልጆች ናቸው።

የልምምድ ሰዓት

ሃያ ደቂቃ ስጡትና ሰዓት ያዙ። ካቆመ ሦስት ነገር ብቻ ይናገር፦ ከየት፣ ማን፣ ምን። "ከ34ኛው ባር፣ ቼሎዎች፣ ቀነስ አድርጉ" በቂ ነው። የሙዚቃውን ፍልስፍና መተንተን ከጀመረ ተጫዋቾቹ ስልካቸውን ያወጣሉ፤ አይፈረድባቸውም። "እስቲ እንደገና ከመጀመሪያው" ማለትንም ከልክሉት። ለምን እንደሚደግም ካልተናገረ፣ ተጫዋቾቹ ያንኑ ስሕተት ይደግሙለታል።

አስተያየት አሰጣጥ

እሱ እየመራ ሳለ ተነስታችሁ ባተኑን (የመሪውን ዘንግ) አትቀበሉት። አንዴ ከተቀበላችሁ ኦርኬስትራው ከዚያ በኋላ የሚያየው እናንተን ነው። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ለብቻ ቁጭ በሉና ቪዲዮውን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ አሳዩት። "እዚህ ጋ ምን እየጠየቅክ ነበር?" ብላችሁ ጠብቁ። ጉልበቱ ከምቱ ጋር እንደሚታጠፍ፣ ዓይኑም ከስኮሩ እንደማይነሳ ራሱ ያየዋል። ቀጥሎ ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ ያዳምጥ። አሥር ስሕተት ብታዩም ለሳምንቱ አንዱን ብቻ ስጡት።

መድረክ

ኮንሰርት ሲመጣ አምስት ስድስት ደቂቃ የሚሆን አንድ ሥራ የእሱ ይሁን። በሌላው ላይ ረዳት አድርጉት፤ ስኮር ይዞ አዳራሹ መሃል ይቀመጥና ጥሩምባው ክላርኔቱን ሸፍኖት እንደሆነ ይንገራችሁ። ረዳት ደግሞ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ኅዳር 1943 በፈረንጆች አቆጣጠር የዕለቱ መሪ ብሩኖ ዋልተር ሲታመም፣ ረዳት የነበረው የ25 ዓመቱ ሊዮናርድ በርንስታይን ከኦርኬስትራው ጋር ሳይለማመድ ካርኔጊ አዳራሽ ገብቶ ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን መርቷል።

በኮንሰርቱ ዕለት እናንተ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፣ ዞር ብሎ እንዳያያችሁ። እጃችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ሳታውቁት ምት መምታት ትጀምራላችሁ።