«ኢሚውኒቲዬ ጠንካራ ነው» እና ሌሎች ስለ ቲቢ የምሰማቸው ስህተቶች

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ አክታ እመረምራለሁ። ስላይዱን አደርቃለሁ፣ ቀይ ቀለም አፈስበታለሁ፣ ከሥር በእሳት አሞቃለሁ፣ በአሲድ አጥባለሁ፣ ሰማያዊ እደርብበታለሁ። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነብሳለሁ። በሰማያዊው መሀል ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች ከታዩኝ ሥራ አለ ማለት ነው። ሌላው ባክቴሪያ አሲድ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል። የቲቢው ግን ሰም የመሰለ ካባ ስለለበሰ አይለቅም። ይህን ካባ ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ሁሌ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። «ቲቢ የሚኖረው የት ነው?» «ሳንባ ውስጥ!» «ሳንባ ውስጥ የት?» ዝም። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ግን ይህን ዝምታ በሰማሁ ቁጥር ሻዬ ይቀዘቅዛል።

«ባክቴሪያው ከነጭ የደም ሴል ይሸሻል»

አይሸሽም። የሚኖረው እዚያው ሴሉ ውስጥ ነው።

ማክሮፌጅ የሚባለው ነጭ የደም ሴል ሥራው መዋጥ ነው። ከአየር ጋር የገባውን ባክቴሪያ ይውጥና ከረጢት ውስጥ ያስረዋል። ቀጥሎ አሲድና ኢንዛይም የሞላው ሌላ ከረጢት ይመጣል። ሁለቱ ሲዋሃዱ እስረኛው ይፈጫል። ብዙ ጀርም የሚያልቅለት በዚህ መንገድ ነው። ቲቢ ግን ውህደቱን ያስቀረዋል። ከካባው የሚወጣ ቅባትና የሚለቃቸው ኢንዛይሞች «ና፣ እዚህ ነው» የሚለውን ምልክት ከከረጢቱ ላይ ያጠፋሉ። አሲድ የሚያስገባውን ፓምፕም ያግዱታል። የከረጢቱ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ፣ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ወደ 5 መውረድ ሲገባው 6.2 አካባቢ ላይ ይቆማል። ለቲቢ ይሄ ለብ ያለ ውሃ ነው።

ማክሮፌጁ መርዛማ የኦክስጅን ውህዶችም ይረጭበታል። ባክቴሪያው ካትጂ በሚባል ኢንዛይም ያከሽፋቸዋል። እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች። አይሶኒያዚድ የሚባለው መድኃኒታችን ስንውጠው ገና መድኃኒት አይደለም። ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ካትጂ ሲነካው ነው መግደል የሚጀምረው። በገዛ ጋሻው ይመታል ማለት ነው። ችግሩ፣ ካትጂው የተበላሸ ባክቴሪያ ሲያጋጥም አይሶኒያዚድ እምብዛም አይነካውም።

በመጨረሻ ኢኤስኤክስ-1 በሚባል መሣሪያ የታሰረበትን ከረጢት ይበሳዋል። ሴሉ ይሞታል። ሌላ ማክሮፌጅ ሬሳውን ሊያነሳ ይመጣና ከሬሳው ጋር ባክቴሪያውንም ይውጣል። ቀባሪው ራሱ ይያዛል።

«ኢሚውኒቲዬን አጠናክራለሁ»

የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው የጂንኤክስፐርት ምርመራ ውጤቱ ቲቢ አለ ይላል። በእኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና፣ «ዶክተር፣ እኔ በልጅነቴ ቦክሰኛ ነበርኩ። ኢሚውኒቲዬ ጠንካራ ነው» አለኝ። ነጭ ሽንኩርት በማር ጀምሯል። ዝንጅብልም አለ። ክኒኑን «ጉበት ይጎዳል» ብለውታል። በሦስተኛው ወር ወንድሙ ደግፎ አመጣው። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። ኤክስሬዩ ላይ ደግሞ የቀኝ ሳንባው ጫፍ የሎሚ ያህል ተቦርቡሯል።

ያንን ቀዳዳ የቆፈረው ማን ይመስላችኋል? ባክቴሪያው ብቻውን አይደለም። በአብዛኛው የራሱ የሾፌሩ መከላከያ ነው። ነጭ የደም ሴሎቹ ሊገድሉት ሲረባረቡ ሳንባውን ጨምረው አፈረሱት። ቀዳዳው ወደ አየር ቧንቧ ይከፈታል፣ ባክቴሪያውም በሳል ይወጣል። መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ማን አጠገብ እንደሚያርፍ አስቡት።

ተቃራኒውን ደግሞ እዩ። ኤችአይቪ መከላከያውን ክፉኛ ያዳከመበት የቲቢ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ሳንባው እንዲህ አይቦረቦርም። አክታው ውስጥም ባክቴሪያው ያንሳል። ስለዚህ ስላይዱ ኔጋቲቭ ይሆንና ሰውየው ግን በቲቢ ሊሞት ይችላል። ጀማሪዎች እዚህ ጋ ነው የምትሸወዱት።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የጂን ጥናት ይህንኑ ነገር በሌላ በኩል አሳይቶናል። ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ መልኩን ይቀያይራል፣ እንዳይታወቅ። ቲቢስ? ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቻችን እሱን የሚለዩባቸው ክፍሎቹ ከሌላው አካሉ ይልቅ ሳይለወጡ የቆዩ ናቸው። ተመራማሪዎቹ «ምናልባት መታወቁ ይጠቅመዋል» አሉ። እውነት ነው የሚመስለኝ፤ ካልታወቀ ማን ሳንባ ይቆፍርለታል?

ይህን የሳተው ደግሞ ተራ ሰው አልነበረም። ሮበርት ኮክ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ባክቴሪያውን ማግኘቱን ያስታወቀው ሰው። በ1890 ቱበርኩሊን የሚባል «ፈውስ» ይዞ ብቅ አለ። ከባክቴሪያው የተጨመቀ ፈሳሽ ነው። ሕመምተኛው ሲወጋው መከላከያው ይቆጣል፣ የታመመው ቦታ ያብጣል፣ ትኩሳት ይነሳል። ፈውስ አለመሆኑ ታወቀ፣ የሞቱም ነበሩ። ዛሬ ያ ፈሳሽ በተጣራ መልኩ ክንድ ላይ ለሚደረገው የቆዳ ምርመራ ያገለግላል።

ነጭ ሽንኩርቱን ብሉ፣ ወጥ ያጣፍጣል። ክኒኑንም ዋጡ።

«አያስለኝም፣ ስለዚህ የለብኝም»

ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያው አንዴ ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። የሌሎቹ መከላከያ ባክቴሪያውን በሴል አጥር ከቦ ይይዘዋል፤ ግራኑሎማ ይባላል። አጥሩ ጥሩ ነው። ግን ውስጡ ያለው ሁልጊዜ ሬሳ አይደለም። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።

አጥሩን የሚያላሉት ነገሮች ይታወቃሉ፦ ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ የምግብ እጥረት፣ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የመከላከያ መልእክተኛ የሚያግዱ የመገጣጠሚያ መድኃኒቶች። እኛ ሰፈር ደግሞ ዴክሳ፣ መከላከያን የሚያዳክም ክኒን። ለቁርጥማት ብሎ ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ለወራት የሚውጥ ሰው፣ ሳያውቀው የአጥሩን እንጨት እየነቀለ ነው። ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ በግምት አይወሰድም፤ ቲቢውን ሳያድን ለጊዜው ያዳፍነውና ምርመራውን ያዘገየዋል።

«የደም ምርመራ አድርጌ ነጻ ነኝ»

ምን ዓይነት የደም ምርመራ? ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ለቲቢ አትጠቀሙበት ብሏል። የቆዳው ምርመራ ፖዘቲቭ ሲሆን ደግሞ ባክቴሪያው ገብቶ ያውቃል ይላል እንጂ ታመሃል አይልም። አለቀ።

«ክንዴ ላይ ጠባሳ አለ»

የቢሲጂ፣ ማለትም የቲቢ ክትባት፣ ጠባሳ ነው። እኔም አለኝ። ካልሜትና ጌራን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1921 የከብት ቲቢን በድንች፣ በሐሞትና በግሊሰሪን ላይ 230 ጊዜ እያዛወሩ አሳደጉት። ባክቴሪያው በዚያ ሁሉ ምቾት ሲኖር ዕቃውን ጣለ። ከጣላቸው ዋነኛው ያ ከረጢት የሚበሳው ኢኤስኤክስ-1 ነው። ለዚህ ነው የማያሳምመው። ሕፃናትን ከማጅራት ገትር ቲቢና በመላ አካል ከሚሰራጨው ቲቢ በደንብ ይጠብቃል። ለጎልማሳ ሳንባ ግን ብዙም አትመኩበት።

ለተማሪዎች በቅንፍ ያህል፦ ምራቅ አክታ አይደለም። ጠዋት፣ ከጥልቅ ደረት፣ ሜዳ ላይ ወጥቶ። እባካችሁ።

«ኔጋቲቭ ሆኗል፣ ድኗል»

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ጉሊት ቸርቻሪ። ሁለት ወር መድኃኒት ወስደው ለክትትል አክታ ሰጡ። ስላይዱን አየሁ፣ አንድም ቀይ ዘንግ የለም። በመስኮቱ ብቅ አልኩና «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ነጻ ነዎት!» አልኳቸው። ኮሪደሩ ላይ እልል አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ።

ያላልኳቸው ነገር ይሄ ነው። ስላይድ ላይ ባክቴሪያ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 መኖር አለበት። ከዚያ በታች ያለውን ዓይኔ አያገኘውም። ቲቢ ደግሞ ዝግተኛ ነው። ሌላ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ የሚከፋፈለውን እሱ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይፈጅበታል። ሲጨንቀው ደግሞ ጭራሽ መከፋፈሉን ትቶ ያደፍጣል። መድኃኒቶቹ በፍጥነት የሚገድሉት የሚሠራውን፣ የሚከፋፈለውን ነው። ያደፈጠውን ለማግኘት ቀሪዎቹ አራት ወራት ያስፈልጋሉ። የሁለት ወሩ ኔጋቲቭ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ቀጥሉ» ማለት ነበር።

እማማ በማግስቱ ክኒኑን ተዉት። ነጻ ነዎት ተብለዋላ።

ከስምንት ወር በኋላ ወረፋ ላይ አየኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ተራቸው ሲደርስ የአክታ ዕቃውን ክዳኑን አጥብቀው በመስኮቱ አቀበሉኝ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ያኔ እኮ ነጻ ነዎት ብለኸኝ ነበር።»

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ።